የምጣዱ መሐል ያርራል፣ ጠርዙ ጥሬ ነው፦ ሬዚስታንስ ከመነካቱ በፊት ምን ይስተካከል?

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 60 ሴንቲ ሜትር የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ጎኑ ላይ 3,500 ዋት ተጽፎበታል። ሸክላው አልተሰነጠቀም፣ ሬዚስታንሱም (ከሸክላው ሥር የሚግለው ጥምዝ ሽቦ) አልተበጠሰም። ግን ከተሰካ እስከ መጀመሪያው እንጀራ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዱ እንጀራ ደግሞ 4 ደቂቃ ይቆያል። መሐሉ ከሥሩ ያርራል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠርዝ ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ሰፌድ ሲገባበት ይቀደዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጭራሽ ይብሳል። «ሬዚስታንሱ አርጅቷል፣ ቆርጠን እናሳጥረው» የሚል ምክር አለ። ማሳጠሩ ይጠቅማል? ወይስ መጀመሪያ የሚነካ ሌላ ነገር አለ?

ሽቦና ፒንሳ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ማታ 2:45

እህቴ፣ አታሳጥሪው። ይህ ምክር ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ ምክንያቱን ዘርዘር ላድርገው።

ከሽቦው አሥር እጅ አንዱ ቢቆረጥ ኦሙ (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ) በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ ኃይሉ በ11 በመቶ ያህል ይጨምራል። ምጣዱ ቶሎ ስለሚግል ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን የጨመረውን ኃይል የሚሸከመው ያጠረው ሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሙቀት በ23 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሽቦው ከልክ በላይ ይቀላል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል። በዚያ ላይ ያጠረው ጥምዝ የሚቀመጥበትን ያንኑ ቦይ እንዲሞላ ሲባል ስለሚሳብ አንዱ ቦታ ይላላል፣ ሌላው እንደታፈገ ይቀራል። የአንቺ ምጣድ አሁን የሚያሳየው ችግር ራሱ ይህ ነው፣ አንዱ ቦታ ሲያርር ሌላው ጥሬ መሆን።

«አርጅቷል» የሚባለው በዓይን ሳይሆን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው የሚታወቀው። አራት ቁጥር አምጪልን፦

አንደኛ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በፕላጉ ሁለት እግሮች መካከል ያለው ኦም። ለ3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ሲሰላ 220 ጊዜ 220 ለ3,500 ሲካፈል 13.8 ኦም ነው። ከ13 እስከ 15 ከሆነ ሽቦው ደህና ነው። 17፣ 18 ካለ መጋጠሚያው ውስጥ ችግር አለ ወይም ሽቦው በጣም ሳስቷል።

ሁለተኛ፣ ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልት።

ሦስተኛ፣ ምጣዱ በርቶ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እዚያው ሶኬት ላይ ያለው ቮልት።

አራተኛ፣ በዚያው ሰዓት፣ ምጣዱ እንደበራ፣ ብሬከሩ መውጫ ላይ ያለው ቮልት።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ከሕያው መስመር ጋር የሚሠሩ ስለሆኑ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይለካ። እግር ደረቅ ጫማ ላይ ይሁን፣ እጅ ሊጥ የነካው አይሁን።

የሐይቅ እናት
ሰኞ፣ ማታ 3:20

ሽቦው በሽቦ አዋቂው ይታይ። እስከዚያ ግን ምጣዱን በእንጎቻ ጠይቂው፣ ልጄ።

ምጣዱ በደንብ ሲግል አንድ ትልቅ እንጀራ ከማዞር ይልቅ አምስት ትንንሽ እንጎቻ አፍስሺ። አንዱ መሐል፣ አራቱ በጠርዙ ዙሪያ፣ በአራቱም አቅጣጫ። እያንዳንዳቸው የቡና ሲኒ ሙሉ ሊጥ ይበቃቸዋል። አክንባሎ አትክደኚ። የትኛው ቀድሞ ዐይን እንዳወጣ፣ የትኛው ቀድሞ ጠርዙ እንደተነሣ ተመልከቺ። ከዚያ ገልብጠሽ ሥራቸውን አስተያዪ። የሁሉም ዐይን በአንድ ጊዜ ማለት ይቻላል ከወጣ ሙቀቱ እኩል ነው፤ ችግሩ ከአገጋገር ወይም ከአክንባሎው ነው። የመስኮቱ በኩል ብቻ ከዘገየ ወይ ሽቦው እዚያ ላልቷል፣ ወይ ነፋስ እየገባበት ነው።

ሌላው፣ ምጣዱ ውሃ ልኩን ጠብቆ ተቀምጧል? ምጣዱ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ላይ ግማሽ ሲኒ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ወደ አንድ ወገን ከሮጠ ሊጡም ወደዚያው ይሮጣል። እዚያ ይወፍራል፣ ወፍራሙ ደግሞ ሳይበስል ይቀራል። ሰው ሽቦውን ይወቅሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእግሩ ነው። ባጠረው እግር ሥር የታጠፈ ላሜራ ወይም ስስ ጡብ ማስገባት ይበቃል። ውሃው ከፈሰሰበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ እስኪቆም ድረስ ከፍ ዝቅ አድርጊው። ውሃውን በደንብ ጠርገሽ ሳይደርቅ ግን እንዳታበሪው።

ጢጣ ላሜራ
ሰኞ፣ ማታ 3:50

የእናታችን የእንጎቻ ፈተና ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ያለው ሰው አምስቱን ቦታ ይለካ። ለእንጀራ የሚስማማው የሸክላው ፊት 200 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። መሐልና ጠርዝ በ20 ዲግሪ ቢበላለጡ ችግር የለውም፤ 50 እና 60 ከሆነ ግን እንጀራው ይናገራል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ሁሉም ተለክቷል።

ኦም፦ 14.6።
ሳይበራ ሶኬት ላይ፦ 212 ቮልት።
በርቶ ሶኬት ላይ፦ 194 ቮልት።
በርቶ ብሬከር ላይ፦ 205 ቮልት።

ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 12 ሜትር ነው፣ ሽቦው 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት)። ፕላጉ ባለ 13 አምፔር ነው፤ አንዱ እግሩ ጠቁሯል፣ ከሥራ በኋላ ሲነካ ያቃጥላል።

የውሃው ፈተና፦ ወደ ግድግዳው በኩል ሮጠ፣ ማለትም ከመስኮቱ ተቃራኒ። የእንጎቻው፦ መሐሉ ቀደመ፣ ሦስቱ ጠርዞች ተከታተሉ፣ የመስኮቱ በጣም ዘገየ።

ሽቦና ፒንሳ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ቁጥሮቹ ሁሉንም ተናግረዋል። ሬዚስታንስሽ ደህና ነው። 14.6 ኦም በ220 ቮልት 3,300 ዋት ይሰጣል፤ ከተጻፈው የሚያንሰው ጥቂት ነው። አሁን የምታገኚው ግን 194 ጊዜ 194 ለ14.6 ሲካፈል 2,580 ዋት ያህል ነው። ምጣዱ ከጉልበቱ ከአራት እጅ አንዱን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው።

የት ጠፋ? የሚያልፈው 13.3 አምፔር ነው። ከብሬከር እስከ ሶኬት 11 ቮልት ይወርዳል። 12 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ መዳብ፣ ሄዶ መመለሱ ተቆጥሮ 0.28 ኦም ስለሆነ የሚበላው ወደ 3.7 ቮልት ነው። ቀሪው 7.3 ቮልት የሚጠፋው በመጋጠሚያ ላይ ነው። 7.3 ጊዜ 13.3 ወደ 97 ዋት ይሆናል። የ100 ዋት አምፖል ሙቀት ሶኬትሽና መጋጠሚያው ውስጥ ታፍኖ ይነዳል ማለት ነው። የጠቆረው እግር ምልክቱ ነው። እንጀራውን ትተሽ ቤቱን ለማዳን ስትይ ዛሬውኑ ሶኬቱን መጠቀም አቁሚ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጥ። ከቆጣሪው ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ይሳብ፤ 4 ካሬ ይሁን። 2.5 ካሬም ይህን አምፔር ይሸከማል፤ ነገር ግን ምጣድ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳያርፍ ስለሚሠራና የቮልቱም ጉዳይ ስላለ በዚህ ርቀት 4 ካሬ ይሻላል። ለመስመሩ 25 አምፔር ብሬከር። 2.5 ካሬ ከሆነ ግን ከ20 አምፔር እንዳያልፍ፤ ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ልክ ነው። ሶኬቱ ለከባድ ጭነት የተሠራ፣ ባለ 32 አምፔር ይሁን። አለዚያ ሶኬት ጨርሶ ይቅርና ገመዱ በግድግዳ ማብሪያ በኩል በቀጥታ ይታሰር።

በመንገድ ላይ መጋጠሚያ አይኑር። የግድ ካለ በፕላስተር የተጠቀለለ ጥምዝ አይሆንም፤ ቡሎን ያለው ማገናኛ ይግባ። ሽቦውን ስትልጡ መዳቡን በቢላ አትቁረጡት፤ የተቆረጠች አንዲት ቀጭን ክር እንኳ እዚያ ቦታ ላይ ሙቀት ትፈጥራለች።

ከዚያ ወደ ምጣዱ ውስጥ። የሬዚስታንሱ ጫፍ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የሬዚስታንስ ሽቦ ቆርቆሮ አይበየድበትም፣ በቡሎን ብቻ ነው የሚታሰረው። ጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ታጥፎ በራሱ ላይ ይጠምዘዝ፤ ድርብ ስለሚሆን ያ ክፍል ብዙ አይግልም፣ ማገናኛውንም አያቃጥልም። የነሐስ ቡሎን፣ በሁለት ሮንዴላ መካከል ሽቦው፣ ከዚያ ዳዶ፣ ከላዩ ሁለተኛ ዳዶ። አሮጌው ቡሎን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ፣ ዝገት ካለው ይጣል። ከዚህ ቦታ እስከ ውጭ ያለው ሽቦ የፕላስቲክ ልባስ ያለው አይሁን፤ ሙቀት የሚችል፣ የመስታወት ክር የለበሰ ይሁን። ፕላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ላሜራውን ሲነካ ነው ምጣድ ሰው የሚነዝረው።

አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ደግሞ ከላሜራው አካል ጋር በቡሎን ይታሰር፤ ቀለሙ ከሥሩ ተፍቆ ብረቱ ይታይ። ይህ አማራጭ አይደለም።

ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ማታ ማታ ለምን እንደሚብስ ለጠየቀችው፦ ሙቀቱ በቮልቱ ልክ ሳይሆን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚወርደው። 200 ቮልት ሲሆን ከ220ው ኃይል 83 በመቶ፣ 190 ሲሆን 75፣ 180 ሲሆን 67 ይቀራል። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያለው ሰፈር ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲሰካ፣ ለምሳሌ በበዓል ዋዜማ፣ ገናም ይሁን አረፋ፣ ምንም ቢጠገን ያ ይኖራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መጋገር ያለ ምንም ወጪ ትልቁ ማስተካከያ ነው።

ለቴሌቪዥን የተገዛ ባለ 1,000 ዋት ስታቢላይዘር ላይ ግን ምጣድ አትሰኩ። ሦስት እጥፍ ጭነት ነው፣ ይነዳል።

ጢጣ ላሜራ
ረቡዕ፣ ቀን 6:05

ወደ ምጣዱ አካል ልመለስ። ኤሌክትሪኩ ሲስተካከል ግማሹ ሥራ ነው ያለቀው። ሽቦው የሚያወጣው ሙቀት ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችና ወደ ጎንም ይሄዳል። በሥራ ላይ ያለ ምጣድ ሆዱ ሥር እጅ አስጠግታችሁ ሞክሩ። ቆርቆሮው እጅ የማያስቀርብ ከሆነ ከፍላችሁ የምትጥሉት ሙቀት ነው።

ማስተካከያው ከሽቦው በታች ያለውን ባዶ ቦታ በደረቅ፣ አየር በያዘ ነገር መሙላት ነው። የሚሻለው የድንጋይ ጥጥ ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ሲሠራ አፍንጫና አፍ በጨርቅ ይሸፈን፣ እጅጌ ረጅም ይሁን፣ ብናኙ ያሳክካል። የመስታወት ጥጥ ከሆነ ሽቦውን እንዳይነካ፤ ከግለቱ ይኮማተራል።

እዚህ ላይ ነው የቧንቧ ውሃዋ እህታችን ችግር ያለበት ብዬ የማስበው፦ ጥጡ በሁሉም ቦታ እኩል መሆን የለበትም። ጠርዝ ከላይም ከጎንም ሙቀት ያጣል፤ መሐል ግን ዙሪያውን በትኩስ ሸክላ ተከቧል። ስለዚህ ከጠርዙ ሥር 5 ሴንቲ፣ መሐል ላይ 2 ሴንቲ ይበቃል። ጎኑ ላይ በላሜራውና በሸክላው መካከልም ዙሪያውን ቀጭን ንጣፍ ይግባ። ሽቦውን ሳይነኩ መሐልና ጠርዙን የሚያቀራርብ ነገር ይህ ነው።

ሸክላውንና ላሜራውን አታጣብቁ። ዙሪያውን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። ሸክላ ሲግል ይሰፋል፤ ቀለበቱ አንቆ ከያዘው መሰንጠቁ አይቀርም፤ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ወደ መሐል ነው። ቡሎኖቹ ሸክላው እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ይጥበቁ።

ወረኢሉ 21
ረቡዕ፣ ቀን 7:30

የድንጋይ ጥጥ ሁሉም ቦታ አይገኝም። የተነፋ አመድ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ በየቤቱም አለ።

ጢጣ ላሜራ
ረቡዕ፣ ቀን 8:10

አመድ ሙቀት መያዙ እውነት ነው። ችግሩ ከሽቦው ጋር ሲነካካ ነው። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሽ አለ። ሲግል ሽቦውን ይበላዋል፤ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ስቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ላሜራው መንዘር ይጀምራል። ወረኢሉ ያለውን የክረምት እርጥበት እናንተው ታውቁታላችሁ። አመድ ሌላ አማራጭ ከሌለ ብቻ፣ ከሽቦው በታች ሙሉ የጀሶ ወይም የሸክላ ንጣፍ ከለየው በኋላ፣ በደንብ ተቆልቶ ደርቆ ይግባ። በቀጥታ ሽቦ ላይ ግን ፈጽሞ።

ወረኢሉ 21
ረቡዕ፣ ቀን 8:25

ፖታሹን አላሰብኩትም። ንጣፉ ካለ ግን ይሆናል ማለት ነው። ተግባብተናል።

የሐይቅ እናት
ረቡዕ፣ ማታ 1:00

አክንባሎው ተረሳ።

አክንባሎ ክዳን ብቻ አይደለም፤ እንጀራው ከላዩ የሚበስለው በታፈነው እንፋሎት ነው። ተክድኖ እያለ በአንድ ጎን ብቻ እንፋሎት ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ይደርቃል ወይም ጥሬ ይሆናል። የመስኮቱ በኩል የዘገየው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ቀጭን ወረቀት በአክንባሎውና በምጣዱ መካከል እያስገባሽ ዙሪያውን ሳቢ። የሚንሸራተትበት ቦታ ክፍተት አለው። የአሉሚኒየም ከሆነ ጠርዙ ተጣሞ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ገልብጠሽ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልሽ መልሺው።

ደግሞ አክንባሎው መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ጠርዝ የሚያዘቀዝቅ ይሁን። ጠፍጣፋ ከሆነ ያቆረው ውሃ መሐል ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እንጀራው ላይ ያ ቦታ ልሙጥና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ከእያንዳንዱ እንጀራ በኋላ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይህን ያስቀራል።

መክደኛው ጊዜም ልክ አለው። ሊጡን ከጠርዝ ጀምረሽ ወደ መሐል አዙሪ፤ ጠርዙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀድሞ ይጀምር። ዐይኑ ሁሉ ብቅ ብቅ እስኪል ክፍቱን ተዪው። ዐይን ሳያወጣ ከተከደነ እንፋሎቱ ፊቱን ይዘጋዋል። ከዚያ ክደኚ። ጠርዙ ከምጣዱ ራሱን ችሎ ሲነሣ ደርሷል።

አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላውን ለማዞር አትጣደፊ። ማሰሻውን አዙረሽ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገሺ። ሸክላው የተወሰደበትን ሙቀት ይመልሳል፣ የመሐሉም ወደ ጠርዝ ይዳረሳል። የሚቸኩል ሰው ሦስተኛውና አራተኛው እንጀራ ላይ ነው የሚበላሽበት።

የቆቦ ማሽላ
ረቡዕ፣ ማታ 1:40

እትዬ፣ የማሽላ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጠርዙ እየተሰነጠቀ አስቸገረን፤ በማግስቱም ይፈረፈራል። ምጣዱ ነው ወይስ ሊጡ?

የሐይቅ እናት
ረቡዕ፣ ማታ 2:20

አብሽሪ፣ ይብዛ ይነስ ሊጡ ነው። ማሽላ እንደ ጤፍ አይያያዝም፤ የሚያያይዘው አብሲቱ ነው። ለጤፍ ከቦካው ሊጥ አሥር እጅ አንዱ ለአብሲት ከተወሰደ፣ ለማሽላ ከአምስት እጅ አንድ ውሰጂ። በእጥፍ ውሃ በጥብጠሽ እያማሰልሽ አፍዪው፤ የሚፈለገው ወፍሮ እንደ ገንፎ ማንኪያውን መሸፈኑ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። ስለዚህ መፍላት ሲጀምር አታውጪው፤ ደጋ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመርበት። እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ወደ ሊጡ ይመለስ፤ ትኩሱን ከጨመርሽው እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ኩፍ እስኪል ጠብቂ።

ከተገኘ ሦስት እጅ ማሽላ ላይ አንድ እጅ ጤፍ መቀላቀል ስንጥቁን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ምጣዱም ለማሽላ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል፤ በጣም ከጋለ ፊቱ ሳይያያዝ ሥሩ ይደርቃል።

ሌላው የደጋና የቆላው ልዩነት መቡካቱ ነው። ቆቦ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያልደረሰ ሊጥ ዐይን አያወጣም። ዐይን ሳያወጣ ሲቀር ደግሞ ሰው ምጣዱ አልጋለም ብሎ ሙቀት ይጨምራል፣ ያሳርረዋል። መጀመሪያ ሊጡን አሽትቺው፣ ከላዩ የቀረረውን ውሃ ተመልከቺ።

መርሳ ገጠር
ረቡዕ፣ ማታ 2:50

መብራት ለሌለን፣ በእንጨት ለምንጋግር የምትሉት አለ? ያለው ምርት ምድጃ ነው። ጭሱ በየጎኑ ይወጣል፣ እንጨት ይበላል።

ጢጣ ላሜራ
ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የተሠሩ ክፍሎች ተገጣጥመው ነው የሚቆመው። በመጋጠሚያዎቹ በኩል ጭስ ከወጣ ሙቀቱም በዚያ ነው የሚወጣው። ጭድ በገባበት ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ይመረግ፣ ከሥሩ መሬት የሚነካበትም ጭምር። ምጣዱ ላዩ ላይ ሲቀመጥ የሚቀረው ክፍተት በጭቃ ቀለበት ይዘጋ። የእንጨት መግቢያውን አታፍኑት፤ ሁለት ሦስት ቀጭን ፍልጥ አየር እያስገባ ከሚነድ በላይ አያስፈልግም። ወፍራም ግንድ ሲታጨቅ ይጨሳል እንጂ አይነድም። አመዱ ከየጋገራው በኋላ ይውጣ፤ ሲከማች እሳቱን ወደ ምጣዱ ስለሚያስጠጋው መሐሉን ያሳርራል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
እሑድ፣ ቀን 9:20

የተሠራው ይህ ነው። 4 ካሬ ገመድ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ባለ 32 አምፔር ሶኬት፣ የመሬት ሽቦ። ከምጣዱ ውስጥ አንዱ ቡሎን ላልቶ ጠቁሮ ተገኘ፣ ተቀየረ። ጥጡ ጠርዝ 5፣ መሐል 2 ሴንቲ ሆኖ ገባ። በግድግዳው በኩል ያለው እግር ሥር 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገባ፣ ውሃው አሁን ባለበት ይቆማል። አክንባሎው በመስኮቱ በኩል ተጣሞ ነበር፣ ተመለሰ።

ልኬት በምሽት፦ ብሬከር ላይ 205፣ ሶኬት ላይ 203 ቮልት። የመጀመሪያው እንጀራ 16 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ተኩል። የመስኮቱ ጠርዝ ደርሷል፣ አይቀደድም። ፕላጉ ከሥራ በኋላ ለብ ያለ ብቻ ነው። የቀረው መሐሉ ነው፤ አሁንም ከጠርዙ ትንሽ ቡናማ ይበዛበታል። ጥምዙን ከመሐል ፈታ፣ ከጠርዝ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል?

ሽቦና ፒንሳ (ኮምቦልቻ)
እሑድ፣ ቀን 10:00

ከ194 ወደ 203 ቮልት ማለት ከ2,580 ወደ 2,820 ዋት ነው። 240 ዋት ከቆጣሪው በታች ጠፍቶ የነበረ ተመለሰ። ሌላውን ጥጡና አክንባሎው ሠርተዋል።

ጥምዙን ግን አሁን አትንኪው። ብዙ ጊዜ የጋለ የሬዚስታንስ ሽቦ እንደ አዲስ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ለትንሽ ቡናማ ሲባል ደህና ሽቦ አይሰበርም። ይልቅ የመጨረሻዎቹን ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተሽ ጋግሪ፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋል። ሲጠፋ መሐሉ ወደ ጠርዝ ይዳረሳል፣ ልዩነቱም ይጠባል። ቆጣሪም ይተርፋል።

ሽቦው አንድ ቀን በራሱ ሲበጠስና አዲስ ሲገባ ግን እንዲህ ይሠራ። የቦዩ ርዝመት በሲባጎ ይለካ። ባለ 60 ሴንቲ ምጣድ ላይ ቦዮቹ በአማካይ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ጠቅላላው ከ10 እስከ 11 ሜትር ይሆናል። አዲስ ቦይ የሚቆረጥ ከሆነ ጠርዝ ላይ 2 ሴንቲ፣ መሐል ላይ 3 ሴንቲ ይራራቅ፤ የመሐሉ ማረር ከሥሩ ይፈታል። ጥምዙ ከመሳቡ በፊት በቀለም ክር አራት እኩል ቦታ ላይ ምልክት ይደረግበት። ከተሳበ በኋላ አራቱ ክፍሎች ርዝመታቸው እኩል መሆኑ ይታይ። አንዱ ክፍል ካጠረ እዚያ ቀለበቶቹ ታፍገዋል፣ ቀለበቶቹ በእጥፍ የቀረቡበት ቦታም ሙቀቱ እጥፍ ነው። ቦዩ ውስጥ ከገባ በኋላ እየጎተቱ ማስተካከል ስለማይቻል ከውጭ ሆኖ ይለቅ።

ሽቦውን የሚሸፍነው ጀሶ ከመፍሰሱ በፊት ኦሙ እንደገና ይለካ። ከ13 በታች ከሆነ የተሳሳተ ሽቦ ነው የተሸጠላችሁ። ጀሶ ሦስት እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ፣ በክብደት። ስስ ሆኖ ሽቦውን ከሸፈነ በቂ ነው፤ ወፍራም ጀሶ ከጊዜ ብዛት ውሃው ወጥቶ ይፈረካከሳል። ሁለት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ማብራት፣ አምስት ደቂቃ ማጥፋት፣ እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ያህል። በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ጀሶውንም ሸክላውንም ይሰነጥቃል። ክረምቱን ሳይሠራ የቆመ ምጣድም ሲጀመር እንዲሁ ይደረግለት።

የሐይቅ እናት
እሑድ፣ ማታ 12:30

ሸክላው አዲስ ከሆነ ደግሞ ሳይሟሽ ሊጥ እንዳያይ። በልኩ ሲግል የተፈጨ ጎመን ዘር ነስንሰሽ በማሰሻ አሽው፤ እስኪጠቁርና እስኪያብለጨልጭ ደጋግመሽ። ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ የመጀመሪያውን እንጀራ ይይዘዋል፤ ያንን ለማስለቀቅ በብረት ከተፋቀ ፊቱ ይቆስልና ዘወትር በዚያ ቦታ ይይዛል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
እሑድ፣ ማታ 1:15

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አጥፍቶ መጋገሩ ዛሬ ተሞክሯል፤ ሁለቱ በደንብ ደረሱ፣ ሦስተኛው ዐይኑ ቀለል ብሏል።

ሽቦና ፒንሳ (ኮምቦልቻ)
እሑድ፣ ማታ 1:30

እንግዲያው በሁለት ይቁም፤ ሦስተኛው እንጎቻ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ፦ አዲስ የታሰረ ቡሎን ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይላላል። ከአሥር ጋገራ በኋላ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ የውስጡም የሶኬቱም ቡሎኖች በካቻቢቴ አንድ ጊዜ ይጥበቁ። ያኔ በርቶ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልት ከብሬከሩ በ2 ብቻ ማነሱን ለክታችሁ እዚህ ጻፉልን።